ሰባት ወንበር

ባለፈው ኅዳር ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ወናጎ መሐል ላይ ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ «አሥር ደቂቃ ነው፣ አባባ» አለኝ። የረዳት አሥር ደቂቃ ስንት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ በዚህ መንገድ ስመላለስ ነው ጸጉሬን የጨረስኩት። ከመኪናው መውረድ አልፈለግኩም። ሌላው ሰው ሁሉ ወርዶ እግሩን ሲያፍታታ እኔ መቀመጫዬን ይዤ፣ ፊቴን ወደ ግራው መስኮት አዙሬ ቀረሁ። ወናጎ ላይ ሁሌም እንደዚህ ነኝ። ስድሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ በዚች ከተማ ባለፍኩ ቁጥር ገበያው ካለበት ወገን ፊቴን አዞራለሁ። ከኋላዬ የሚቀመጡት አንገቱ የተጣመመ ሽማግሌ ይሉኝ ይሆናል። በመጨረሻ ረዳቱ ክሪክ ሊያስገባ ነውና ሁሉም ይውረድ አለ። ወረድኩ፤ ዝናቡም አብሮኝ ወረደ። የጌዴኦ ዝናብ መጣሁ ብሎ አይመጣም።

እየሮጥኩ ልበል እንጂ ሩጫዬ ሌላ ነው፣ ብቻ አንድ የቆርቆሮ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ጥግ ላይ ቡላና ቆጮ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች የምትሸጥ ሴት ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን በራስዋ ላይ ጥላለች፣ እጆቿ ነጭ ናቸው። ከቤቶቹ ጀርባ ቡና ማጠቢያ መኖር አለበት፤ የእሸት ቡና ልጣጭ ሲቦካ የሚሸተው ሽታ፣ ኮምጣጣም ጣፋጭም የሆነው፣ ከዝናቡ ጋር መጣ። ያን ሽታ አልወደውም። ዲላ ውስጥ በመኸር ጊዜ ሁሉም ሰው ሲያሸተው ዘንድሮ ገንዘብ አለ ይላል፤ እኔ መስኮት እዘጋለሁ።

«አባባ፣ ወደ ውስጥ ግባ እንጂ! ዝናቡ ትመታሃለች» አለችኝ ሴትዮዋ።

አመሰገንኳት። ድምፄን ስትሰማ የያዘችውን ቅጠል አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ፤ ብዙ አየችኝ።

«የዲላ ሰው ነህ?»

«አዎ።»

«አባትህ ገበያው ጋ ሱቅ ነበረው? ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ፣ አንድ ዓይኑ የማያይ?»

«ነበረው።»

«ክርስትና አባቴ ነው» አለች። «እኔ ብርቄ ነኝ። የበራሶ ልጅ።»

አጠገቧ ባዶ ጆንያ ነበር፤ ሳልጠይቅ እሱ ላይ ተቀመጥኩ።

በራሶን ለማያውቅ ሰው እንዴት ልንገር? አባቴ ከሰሜን መጥቶ ዲላ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ በራሶ ደግሞ ከፍስሐ ገነት ወረድ ብሎ ካለው ሸለቆ፣ ቡናና እንሰት የሚያለማ ጌዴኦ ነበር። አባቴ የበራሶን ልጅ ክርስትና ሲያነሳ አበልጅ ሆኑ። አበልጅ ያኔ ከወንድም አያንስም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ወዳጆች ስለነበሩ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን በሙሉ የማሳልፈው እነ በራሶ ቤት ነበር። ጌዴኦኛ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ቆጮ በጎመን እየበላሁ፣ የእንሰት ቅጠል አንጥፌ እየተኛሁ። ከሸለቆው በፊት አንድ ወንዝ አለ። ሰፊ አይደለም፤ ክረምት ላይ ግን ይቆጣል። በራሶ ማዶ ድረስ መጥቶ ይጠብቀኝና በጫንቃው ተሸክሞ ያሻግረኝ ነበር። ጫማዬን በእጄ እይዛለሁ፤ ከላይ ሆኜ ውሃው ሲጋልብ አየዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ይጥለኛል ብዬ አላሰብኩም። «ተፈራ፣ ከበድክ» ይለኝ ነበር በየዓመቱ፣ «ዘንድሮ ምን ስትበላ ከረምክ?»

የዚያን ዘመን ዲላን የዛሬ ልጆች ብነግራቸው አያምኑኝም። አሁን ባጃጅ የሚርመሰመስበት አደባባይ በቅሎ የሚታሰርበት ነበር። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ አሥር ሳንቲም። ቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ሴቶች ከሱቅ ብቅ ይላሉ፤ ሸሚዙን ለማየት ነው እንጂ ሰውዬውን አይደለም። አንድ ቡና ቤት ሸክላ የሚያጫውት ማሽን ነበረው፤ ባለቤቲቱ በር ላይ ስታስቀምጠው እኛ ማዶ ካለው ግንብ ላይ ተደርድረን በነጻ እናዳምጣለን። አንድ የፈረንጅ ቡና ኩባንያ ለአስተርጓሚነት ሲቀጥረኝ በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት ቡናማ የቆዳ ጫማ ነው፤ ጫፉ ሹል፣ ሶሉ የሚያንቋቋ። ሰዎች እንዲሰሙኝ ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጥኩ እረግጥ ነበር። ኩባንያው ደግሞ ካኪ ኮት ሰጠኝ፣ ባለ አራት ኪስ። ከስምንተኛ ክፍል ለወጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ኩባንያው የመጣው በሚዛን ነው። ስሙን አሁንም ልጠራው አልፈልግም፤ እኛ ኩባንያው ነበር የምንለው፣ ሥራ አስኪያጁን ደግሞ ሙሴ፤ ያኔ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነበር። ከየት አገር እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ሻሂ የሚወድ፣ በዝናብም በፀሐይም አንድ ዓይነት ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው ነበር። በዚያ ሸለቆ ሦስት ግንድ አቁሞ ሚዛን ሰቀለ፣ እሸት ቡና መግዛት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ሚዛኑ ልክ ነበር። የከተማው ነጋዴ ሚዛን ወደየት እንደሚያዘነብል ገበሬው ሁሉ ያውቃል፤ የሙሴ ሚዛን ግን ለማንም አያዳላም። ሰው ማሩን፣ ቅቤውን ሳይቀር ሊያስመዝን ይመጣ ጀመር፤ ለሽያጭ ሳይሆን ለማወቅ ብቻ። ቀጥሎ መጋዘን ተሠራ። ለመጋዘኑ ዘበኛ ተቀጠረ፤ ዘበኞቹ ጠመንጃ አላቸውና ሽፍታ የሚፈራ ሰው ገበያ ሲሄድ አብረው ይሸኙት ጀመር። ሰው መረቃቸው። ወንዙ ዳር የቡና መፈልፈያ ሞተር ተተከለ፣ ጧትና ማታ በጥሩምባ የሚጮህ፤ አገሬው ከብቱን በእሱ ድምፅ ያሰማራና ይመልስ ጀመር። መንገድ ተጠረገ፣ መንገዱ ላይ ኬላ ቆመ። የአገሩ ባላባት ጥቁር ጃንጥላና ሬዲዮ ተሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ባላባቱን የፈለገ ሰው የሚያገኘው ኩባንያው ግቢ ውስጥ ነበር።

ብዙ ቆይቶ፣ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ በማስተምርበት የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ነበር። ስለ አንድ የንግድ ኩባንያ ነው። ጨርቅና ቅመም ሊገዛ በመርከብ ህንድ አገር ይሄዳል፤ መጋዘን ይሠራል፤ ለመጋዘኑ ዘበኛ ይቀጥራል፤ ዘበኛው ጦር ይሆናል፣ ጸሐፊው ዳኛ ይሆናል፣ በመጨረሻ ያን የሚያህል አገር ይገዛል። ያን ምዕራፍ በየዓመቱ አስተምር ነበር። አንድ ዓመት ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ሱቅ እንዴት አገር ይገዛል? አገሬውስ ምን ሲሠራ ነበር?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ አምስት ምክንያት ጻፍኩላት፣ ልክ መጽሐፉ እንዳለው። እኔ የማውቀውን ግን አልጻፍኩም። እኔ የማውቀው፣ ለሽማግሌ በማዘን እንደሚጀመር ነው።

ጌዴኦዎች ሶንጎ የሚሉት አላቸው። ትልቅ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ቦታ ነው፤ ጉባኤውም ቦታውም ሶንጎ ነው። እዚያ ሁሉም መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ዳኛውም፣ ተበዳዩም፣ በዳዩም። የዚያ ሸለቆ ሶንጎ ከኩባንያው ግቢ መቶ እርምጃ የማይርቅ፣ ወንዙ አጠገብ ያለ ዋርካ ሥር ነበር። አንድ ቀን ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ነገራቸው ሲታይ ዝናቡ መጣ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ። አሥራ አምስት የሚሆኑ አባቶች የኮባ ቅጠል ራሳቸው ላይ ደፍተው ቁጢጥ ብለዋል፤ በመካከላቸው የሶንጎው አባት የነበሩት አዛውንት ይስላሉ፤ በራሶ የራሱን ቅጠል እሳቸው ላይ ደርቦ እሱ ይመታል። አንጀቴን በሉት። ገብቼ ሙሴን ለመንኩት፤ በረንዳው ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ለዛሬ ብቻ ይጠለሉ አልኩት። «ይምጡ፣ ምን ችግር» አለ። በዝናብ ውስጥ በአዲሱ ጫማዬ ሮጥኩ።

«አባቶቼ፣ ግቡ። ሙሴ ፈቅዷል» አልኳቸው።

በራሶ ቀና ብሎ አየኝ። «ዝናቡ የኛ ነው፣ ተፈራ። ድሮም ይመታናል።»

«ጋሼ በራሶ፣ አባ እያሳላቸው ነው እኮ!»

ስለ አዛውንቱ ሲል ተነሳ። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ፣ አባቶች ቆመው እንዳይቀሩ ብዬ፣ ከቢሮ ወንበር እያወጣሁ ደረደርኩ። ሰባት ነበር ያለን። ሰባቱ ተቀመጡ፣ የቀሩት ስምንት ግን ቆሙ። ነገሩ ያኔ አለቀ፤ የገባኝ ግን ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

በሳምንቱ ሳይዘንብ መጡ። በወሩ ሙሴ ክንዱን የሚያሳርፍበትን የራሱን ወንበር አስወጥቶ አብሯቸው ተቀመጠ፤ አልተናገረም፣ ሻሂውን እየጠጣ ሰማ ብቻ። ከዚያ ሐሳቡን ጠየቁት፤ እንግዳ ተቀምጦ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነውር መስሏቸው ነው። ከዚያ እሱ ሐሳብ ካልሰጠ ነገር የማያልቅ ሆነ። አዛውንቱ ሲሞቱ በወንበራቸው ማን እንደሚተካ ሙሴ ተናገረ። ፍርዱን እኔ በኩባንያው ወረቀት እጽፋለሁ፣ ማኅተም ይመታበታል። ሰው ማኅተም ይወዳል፤ ወረቀቱን በሸራ ጠቅልሎ ጣሪያ ውስጥ ይሸጉጠዋል። የቆሙት ስምንቱ አንድ በአንድ መምጣት ተዉ። በራሶ ብቻ መምጣት አልተወም፤ ከዚያ ከዝናቡ ቀን በኋላ ግን አንድም ቀን በረንዳው ላይ አልወጣም። ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ ወዲያ፣ ውጭ፣ መሬት ላይ ይቀመጣል። «ጋሼ በራሶ፣ ግባ እንጂ» እለዋለሁ። «ይኸው ሰምቼሃለሁ» ይለኛል።

ከዚያ ትእዛዝ ወጣ፤ የሸለቆው ቡና ለኩባንያው እንጂ ለሌላ አይወጣም፣ በኬላውም አያልፍም። ትእዛዙን በጌዴኦኛ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ለገና በራሶ ሁልጊዜ ለአበልጁ አንድ ጆንያ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ እና ቡላ በበቅሎ ጭኖ ዲላ ይመጣ ነበር። ለሽያጭ አይደለም፤ የወዳጅ ነው። ያን ዓመትም ጫነ። ዘበኞቹ ኬላው ላይ ሲያስቆሙት «ለአበልጄ ነው» አላቸው። አፍረው ለቀቁት። እኔ ለበዓል ቤት ሄጄ ስለነበር ያን ቡና ከአባቴ ጋር ተቀምጬ ጠጥቻለሁ። በራሶ ሲመለስ ኬላው ላይ ተያዘ።

ነገሩ በረንዳው ላይ ታየ። ሰባቱ ተቀምጠዋል፣ ሙሴ ተቀምጧል፣ እኔ ከሙሴ ጎን ቆሜያለሁ፣ በራሶ ውጭ መሬት ላይ ነው። ሙሴ ሰባቱን ጠየቃቸው፤ ሰባቱ እግራቸውን አዩ። ከዚያ በዚያ ቀስ ባለ አነጋገሩ «ሕግ ለሁሉም ነው። ይህ ሰው ከወንዙ ማዶ ይሂድ» አለ። እኔም ተረጎምኩ። በራሶ አልተቆጣም።

«ተፈራ፣ በረንዳ ላይ የተባለ ወሬ ነው» አለኝ። «ሶንጎ ላይ ሲባል ነው ቃል የሚሆነው። ዛፉ ሥር መጥተህ በለው። እዚያ ከተባለ እሄዳለሁ።»

ለሙሴ ተረጎምኩለት። ፈገግ አለ። «ሂድ፣ ደስ የሚለው ቦታ ንገረው» አለኝ።

ከሰባቱ ሁለቱ ተከተሉኝ፣ ዛፉ ጥላ ሥር ግን አልገቡም። በራሶ የዋርካው ሥር ላይ ተቀመጠ። ሚስቱና ልጆቹ መጥተው ነበር፤ ብርቄ የስድስት የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ጀርባው ላይ ተደግፋለች። በራሶ አየኝ። እንዳልለው ዕድል እየሰጠኝ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔም አውቄ ነበር መሰለኝ። ዝም ብዬ ብመለስ ሙሴ ምን ያደርገኝ ነበር? ኮቱን ይቀበለኝ ነበር፣ ሌላ ምንም። ግን ወንበር የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላዬ ቆመዋል፣ ዘበኞቹ ያዩኛል፣ አገር ሙሉ ቃሌን ይጠብቃል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሞተሩ ስለሚጮህ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ በራሶ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ወንዝ ወዲህ አገር የለውም አልኩ፣ አጥንት በሚሰብር ጥርት ባለ ጌዴኦኛ፣ እሱ ቤት በተማርኩት። አባቶች ፍርድ ሲናገሩ መጨረሻውን ሞላ አድርገው እንደሚዘጉ አውቃለሁና እኔም ሞላ አድርጌ ዘጋሁት፤ «ልጆቹም» አልኩ። ሙሴ ልጆቹም አላለም። ማንም አላለም። ንግግሩ እንዲያምር ብዬ ነው።

«ጨረስክ?» አለ በራሶ።

«አዎ።»

«ሰምቻለሁ።» ተነሳ፣ ብርቄን በጫንቃው ተሸከመ፣ ወንዙን ተሻገረ። ጀርባውን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

አባቴ ወሬው ዲላ ደርሶት በሳምንቱ ስመጣ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ነበር። «ለበራሶ ማን ነው የነገረው?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። ደህናዋን ዓይኑን አሳርፎ አየኝና የሱቁን መዝጊያዎች አንድ በአንድ ገጠመ። ቀትር ነበር፣ የገበያ ቀን። ስለዚያ ነገር እስኪሞት አንድ ቃል አልተናገረኝም። እኔም ኩባንያው ውስጥ ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ ወዲያው ተጸጽቼ ተውኩት ብል ውሸት ነው። ከዚያ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። ከዚያ ዘመን ተገለበጠ፣ ሙሴ በላንድሮቨር ሄደ፣ ጥሩምባው ተነቅሎ ተወሰደ፣ በረንዳው የሌላ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም የሌላ ሆነ። ወንበሮቹ የት እንደደረሱ እንጃ። አንዳንድ ቀን ሰው ቤት ስገባና ወንበር ሲጎትቱልኝ ቆሜ እቀራለሁ፤ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና «አንተ ሰውዬ፣ ወንበር ይበላሃል እንዴ?» ትለኝ ነበር።

እነ በራሶ ወናጎ፣ ገበያው አጠገብ፣ የሚስቱ ዘመዶች ዘንድ መጠጋታቸውን ሰምቼ ነበር። ለዚህ ነው ከገበያው ፊቴን የማዞረው።

ብርቄ ጆንያው ላይ እንደተቀመጥኩ እያየችኝ ቡላዋን መጠቅለል ቀጠለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። «እናትሽስ?» አልኳት።

«ሞተች። ሁለቱም ሞቱ።» የጠቀለለችውን አስራ ጎኗ አስቀመጠች። «ያን ቀን እናቴ ዕቃ ልሸክፍ ስትለው አባቴ አትሸክፊ አላት። ተፈራ ዛፉ ሥር ሲደርስ አይለውም፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ በጫንቃዬ ነው ያደገው አላት። ምንም አልያዝንም። እናቴ ድስት እሳት ላይ ጥዳ ነው የመጣችው። እስክትሞት ድረስ ድስቴ ትል ነበር።»

ረዳቱ ከመንገዱ ላይ ጠራኝ። አልተነሳሁም።

«ኩባንያው እኮ ከሄደ ስንት ዓመቱ» አልኳት። «ለምን አልተመለሳችሁም?»

«ኩባንያው ሄደች። ቃሉ አልሄደችም።» ይህን ስትል በቁጣ አልነበረም፤ የማያውቅን ሰው እንደምታስረዳ ነበር። «ሶንጎ ላይ የተባለን ያለው ሰው ነው የሚመልሰው፣ እዚያው ቆሞ። አባቴ ይመጣል ይል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱ ዳር ይቀመጥ ነበር። እኔ ወንዙ ድረስ ሄጄ አውቃለሁ። ከዚህ ማዶ ቆሜ ቤታችን የነበረበትን አያለሁ፣ እመለሳለሁ።»

ይህን ሕግ አላውቅም ነበር ብል እንዴት ደስ ባለኝ። አውቅ ነበር። ቆጮአቸውን እየበላሁ አብሬ የተማርኩት ነው። ደርሶ መልሱ የአንድ ቀን መንገድ ነበር፤ አልሄድኩም። አፍሬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«እኔም አርጅቻለሁ» አለች። «ልጆቼ አገራቸው ይግቡ። ና መልሰው።»

«ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«ቅዳሜ ገበያ ነው። እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ።»

እሁድ ሄድን፤ እሷ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው የመጀመሪያ ልጇ፣ እና እኔ። ልጇ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሰላም ብሎኝ ከእናቱ ወዲያ ቆመ። እስከ ፍስሐ ገነት በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ወረድን። ሸለቆው ያው ነው። እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፣ ከቡናው በላይ ትልልቁ ዛፍ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ብርቄ ቆመች። ልጇም አጠገቧ ቆመ። እኔ ብቻዬን ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጥኩ ተሻገርኩ፤ የሚሸከመኝ የለም፣ ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ፣ ጫማዬ ውሃ ሞላ።

ዋርካው ግማሹ ወድቋል፣ ግማሹ ቆሟል። ብርቄ አስቀድማ መልእክት ስለላከች የአገሩ ሽማግሌዎች አምስት ሆነው ይጠብቁኝ ነበር፤ አንዳቸውም ያን ቀን ያልነበሩ፣ ሁሉም ግን የሰሙ። የኩባንያው በረንዳ ምሰሶው ብቻ ቀርቷል፤ በቦታው የሌላ ሰው ቡና ማጠቢያ አለ፣ ማሽኑ ይሠራል። የማጠቢያው ጠባቂ እኔን ሲያይ፣ ደህና ሰው ነው፣ የፕላስቲክ ወንበሮች እየያዘ መጣ።

«አባባ፣ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ይቀመጡ እንጂ! ለአባቶችም አምጥቻለሁ» አለ። ሳላስበው ቆጠርኳቸው። አራት ነበሩ።

«መልሳቸው» አልኩት። «እባክህ፣ መልሳቸው።» ደነገጠ። ጉልበቴን ይዤ በራሶ በተቀመጠበት ሥር ላይ፣ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ። እንደገና ተነሳሁ፤ ይህን ቆሜ ነው ያልኩት፣ ቆሜ ነው የምመልሰው። ጌዴኦኛዬ ዝጓል። ቃል እየፈለግኩ፣ በዚህ ቦታ ቆሜ በራሶ አገር የለውም ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ፤ ውሸት ነው፣ አገሩ ይሄ ነው፣ ቃሉን መልሻለሁ አልኩ። ሽማግሌዎቹ «ሰምተናል» አሉ። ወደ ወንዙ ማዶ አየሁ። ብርቄ እንደቆመች ናት፤ አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ተናገርኩ። «ልጆቹም ብዬ ነበር» አልኩ። «ልጆቹም በል ያለኝ አልነበረም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ከወንዙ ማዶ የብርቄ ልጅ አንገቱን ደፋ። እሷ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«አልሰማሁም!» አለች ከማዶ። «ጮክ በል! ያን ቀን ጮክ ብለህ ነበር ያልከው!»

ደረቴ እስኪነድ ድረስ ጮህኩ። «ልጆቹም» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም፣ መልሻለሁ፣ ግቡ። ማጠቢያው ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ወጥተው አዩኝ። ብርቄ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ውሃው ውስጥ ገባች። ልጇ ሊይዛት ሲል ገፋችው። ወደ ዳር ስትደርስ ወርጄ እጄን ዘረጋሁላት። እጄን አየችው፣ ጫማዋን እሱ ላይ አስቀመጠችና ራሷ ወጣች።